የኦዝ ወርቅ ከሰሙ አይወጣም

ሰሞኑን በአማርኛ የወጣ አንድ ጽሑፍ፣ አሜሪካዊው ላይማን ፍራንክ ባውም በ1900 ያሳተመውን «ድንቁ የኦዝ አስማተኛ» የተባለ የልጆች መጽሐፍ «የፈረንጅ ሰምና ወርቅ» ብሎታል። ጽሑፉ ሲጨመቅ የሚለው ይህን ነው። ተረቱ ስለ ገንዘብ የተሰወረ ፖለቲካ ነው፤ ደራሲውም የገበሬዎቹ ንቅናቄ ሰው ነበር። አውሎ ነፋስ ከነቤቷ ከካንሳስ ኦዝ ወደተባለ የተረት አገር የወሰዳት ልጅ ዶሮቲ በቀይ ጫማዋ ስትዞር ቆይታ በመጨረሻ ከእንቅልፏ ትነቃለች። ባውም አንድ ቀን ዕድል የበራለት፣ ለፍጡር ሁሉ የሚራራ የዋህ ሰው ነበር። ከመጀመሪያው መጽሐፍ በኋላ የመጣው ሁሉ ለገንዘብ የተቀጠለ ጭራ ነው። ሥዕሎቹ ደግሞ ጌጥ ናቸው፤ ቢወጡም ታሪኩ አይጎድልም።

ከእነዚህ ውስጥ ግማሽ እውነት ያላቸው አሉ። ሙሉ እውነት የሆነ ግን አላገኘንም። የስሕተቱ ሥር አንድ ነው፤ ጸሐፊው ያየው በ1939 የወጣውን ፊልም ነው፣ የፈረደው ግን በመጽሐፉ ላይ ነው። በተራ እንየው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ዶሮቲ በቀይ ጫማዋ»

አጭር ስለሆነ ከጫማው እንጀምር። በመጽሐፉ ውስጥ ጫማው የብር ነው፤ አንድም ቦታ ቀይ አይባልም። የዶሮቲ ቤት ወድቆባት የሞተችው የምሥራቋ ጠንቋይ ጫማ ነበር። ዶሮቲ የምታጠልቀው የራሷ አሮጌ ጫማ ለረጅም መንገድ ስለማይሆን ነው። ቀይ ያደረገው የፊልሙ ስክሪፕት ጸሐፊ ኖኤል ላንግሊ ነው፤ ፊልሙ ቴክኒከለር በሚባለው ባለ ቀለም ዘዴ ስለሚቀረጽ በቢጫ ጡብ ላይ ቀይ ከብር ይልቅ ዓይን ይይዛል።

ጽሑፉ መጀመሪያ ላይ ዶሮቲን ቀይ ጫማ አልብሷታል። ዝቅ ብሎ ደግሞ «የብር ጫማው የብር ገንዘብ ነው» ብሎ የፖለቲካውን ፍቺ የሠራው በዚሁ ጫማ ላይ ነው። ሁለቱን በአንድ እግር ማጥለቅ አይቻልም።

«ሁሉም ሕልም ነበር»

የመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፍ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። ከሱ በፊት ባለው ምዕራፍ መጨረሻ ዶሮቲ ካንሳስ ሜዳ ላይ ትወድቃለች፤ ጫማው በረሃውን ስትሻገር ከእግሯ ወልቆ ጠፍቷል። ቀና ስትል የምታየው አጎቷ ሄንሪ የሠራውን አዲስ ቤት ነው፤ የድሮውን አውሎ ነፋሱ ወስዶታልና። ሕልም የሰው ቤት ነቅሎ አይሄድም።

ይህ አዲስ ቤት ተረስቶ አልቀረም። በ1910 በወጣው ስድስተኛ መጽሐፍ ላይ አጎት ሄንሪ ቤቱን የሠራው እርሻውን አስይዞ በተበደረው ገንዘብ መሆኑን እናነባለን። ዕዳውን መክፈል አቅቶት መሬቱ ሊወሰድበት ሲል ዶሮቲ አጎቷንና አክስቷን ይዛ ጠቅልላ ኦዝ ትገባለች። ወደ ሕልም ጓዝ ጠቅልሎ የሚሰደድ ቤተሰብ የለም። ለባውም ኦዝ አገር ነው፤ በዙሪያው በረሃ ያለበት፣ አራት ክፍለ ሀገርና የመረግድ ከተማ የምትባል አንድ ዋና ከተማ ያለው። ሕልም ያደረገው የ1939ኙ ፊልም ነው።

«ሰሙ ተረት፣ ወርቁ ወርቅ»

የጽሑፉ ዋና ነጥብ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመልሰው። ፍቺው እንዲህ ይሄዳል፦ የቢጫ ጡቡ መንገድ ወርቅ፣ የዶሮቲ ጫማ ብር፣ የመረግድ ከተማ አረንጓዴው የወረቀት ዶላር፣ ከዶሮቲ የመንገድ ጓዶች ደግሞ ማስፈራሪያው (በገለባ የተሞላው የወፍ ማስፈራሪያ) ገበሬ፣ የቆርቆሮው እንጨት ቆራጭ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ፈሪው አንበሳ ፖለቲከኛው ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን፣ «ኦዝ» ደግሞ በእንግሊዝኛ የወቄት ምሕጻር።

ጊዜውን ላልሰማ፣ ነገሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ1890ዎቹ የአሜሪካ ገንዘብ በወርቅ ብቻ የታሰረ ነበር። ገንዘቡ ሲጠብ የእህል ዋጋ ይወርዳል፣ የገበሬው ዕዳ ግን አይወርድም፤ ትናንት በመቶ ቁና የሚከፈለው ዛሬ በመቶ ሃምሳ ቁና ይከፈላል እንደማለት ነው። ስለዚህ የምዕራብና የደቡብ ገበሬዎች ብርም በ16 ለ1 ምጣኔ (16 የብር ክብደት ለ1 የወርቅ) ያለ ገደብ ገንዘብ ሆኖ ይመታ አሉ። ብራያን በ1896 ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ይህን ይዞ ነው፤ በወርቁ ወገን በቆመው በዊልያም ማኪንሊ ተሸነፈ።

ይሁን እንጂ ይህን ፖለቲካ ከኦዝ ጋር ያጋባው ባውም አይደለም። በኒው ዮርክ ግዛት፣ በማውንት ቨርነን የሁለተኛ ደረጃ መምህር የነበረው ሄንሪ ሊትልፊልድ በ1964 «አሜሪካን ኳርተርሊ» በተባለው መጽሔት ያወጣው ጽሑፍ ነው። ደረቁን የገንዘብ ክርክር ለተማሪዎች ለማስረዳት ጥሩ ዘዴ ሆኖ አግኝቶት ነበር። ከ1900 እስከዚያ ድረስ መጽሐፉ በሰፊው ተነቧል፣ በመድረክ ታይቷል፣ በፊልም ተሠርቷል። ብራያን ራሱ እስከ 1925 በሕይወት ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን «ይህ ተረት ስለ ብር ነው» ያለ አንባቢ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ቅኔ ከተዘረፈ በኋላ ስድሳ ዓመት ሙሉ ወርቁን አንድም ሰው ካልሰማው፣ ዘራፊው ሳይሆን ፈቺው ነው ቅኔውን የዘረፈው።

ባውም የገበሬዎቹ ሰው ነበር የሚለውስ? በሐምሌ 1896፣ ምርጫው ሲጋጋል፣ በአንድ የቺካጎ ጋዜጣ ላይ በስሙ አንድ ግጥም ወጥቷል። የሚያወድሰው ማኪንሊን ነው፣ የወርቁን ወገን። ለብራያን ችቦ ይዞ ሰልፍ ወጥቷል የሚል የቤተሰብ ወግ አለ፤ ግን ከወግና ከታተመ ግጥም የትኛው ይመዝናል? ሊትልፊልድ ራሱ በ1992 ለኒው ዮርክ ታይምስ በጻፈው ደብዳቤ፣ ባውምን የገበሬዎቹ ንቅናቄ ደጋፊ ለማድረግ መሠረት እንደሌለ አምኗል። ጽሑፉ 1964ን ጠቅሶ 1992ን ዘሏል።

«ሰምና ወርቅ» ካልን ደግሞ የራሱ የቅኔው ሕግ አለ። ወርቁ የሚወጣው ከኅብረ ቃሉ ነው። «ተማረ» ስንል ያው ቃል ትምህርትንም ምሕረትንም ይዞ ይመጣል፤ አንባቢው ከውጭ የሚጨምረው ነገር የለም። በኦዝ ላይ የተደረገው ግን ከጎን ሰንጠረዥ አዘጋጅቶ «ይህ ይህን ነው» ማለት ነው። ሰንጠረዡም ከሰው ሰው ይለያያል፤ የመረግድ ከተማ ለአንዱ ዋሽንግተን ነው፣ ለሌላው የወረቀት ዶላር። መንገዱም ወርቅ አልተባለም፣ ቢጫ ጡብ ነው። ባውም ወርቅ የሚለውን ቃል ፈርቶ ነው እንዳይባል፣ የምዕራቧ ጠንቋይ ክንፋም ዝንጀሮዎቹን ሦስት ጊዜ የምታዝበት ቆብ በግልጽ «የወርቅ ቆብ» ይባላል። ቆቡ በሰንጠረዡ ውስጥ ቦታ ይኑረው አይኑረው ጽሑፉ አይነግረንም።

የስሙን ነገር በተመለከተ «ወቄት» ከሚለው ሌላ ታዋቂ ወግ አለ፤ ባውም ለልጆች ሲያወራ «አገሩ ማን ይባላል?» ተብሎ ቀና ሲል ከፋይል ማስቀመጫው መሳቢያ ላይ ከኦ እስከ ዜድ የሚለውን ጽሑፍ አየ የሚል። ሚስቱ ሞድ ግን ቃሉ ከራሱ አእምሮ የወጣ ነው፣ ማንም ምንም አላቀበለውም ብላለች።

ባውም ፖለቲካ ሲፈልግ አይሸሽግም ነበር። በ1902 ቺካጎ ላይ የተከፈተው የኦዝ ሙዚቃዊ ቲያትር ስለ ቴዎዶር ሩዝቬልትና ስለ ሮክፌለር ቀልድ ይቀልድ ነበር፣ በስማቸው። በ1904 በወጣው ሁለተኛ መጽሐፍ ጄኔራል ጂንጀር የምትባል ልጅ፣ የሹራብ መሥሪያ መርፌ የታጠቀ የልጃገረዶች ጦር አስከትላ የመረግድ ከተማን ትይዛለች፤ ወንዶቹ ማጀት ይገባሉ። አማቱ ማቲልዳ ጆስሊን ጌጅ ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገለች ስመ ጥር ሴት እንደነበረች፣ እሱም በዳኮታ ለዚሁ መብት እንደሠራ ለሚያውቅ አንባቢ ጨዋታው በራፍ ላይ ቆሞ ነው የሚታየው።

ከፍቺው ውስጥ የሚተርፍ አንድ ግማሽ እውነት አለ፤ ድህነቱ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ካንሳስን ሲስል «ግራጫ» የሚለውን ቃል ደጋግሞ ይጥላል። የቤቱን ቀለም ፀሐይና ዝናብ አጥበውት ግራጫ ሆኗል፤ ሣሩ ተቃጥሎ ግራጫ ነው፤ የአክስት ኤም ዓይን ብልጭታው ወጥቶ ግራጫ ቀርቷል፤ አጎት ሄንሪ ከጢሙ እስከ ቡት ጫማው ግራጫ ነው። ባውም ከ1888 እስከ 1891 ዳኮታ ሲኖር ድርቁን አይቷል፤ ሱቁ የተዘጋውም ገዢ በማጣት ነው። ይህ ግን ወርቅ አይደለም፣ ሰሙ ላይ የተጻፈ ነው።

«ዕድል የበራለት የዋህ ሰው»

ዕድሉን እናስቀድም። ባውም ኦዝን ሲያወጣ 44 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት ተውኔት ጽፎ በራሱ ተውኗል፣ የማሽን ዘይት ሸጧል፣ በ1886 ሐምበርግ ስለሚባሉ ዶሮዎች እርባታ መጽሐፍ አሳትሟል፣ አበርዲን በምትባል የዳኮታ ከተማ ሱቅ ከፍቶ ከስሯል፣ ጋዜጣ አዘጋጅቶ እሱንም አጥቷል፣ ቺካጎ ገብቶ የሸክላ ዕቃ ይዞ ከከተማ ከተማ ዞሯል። በ1897 ደግሞ ሱቆች በመስታወታቸው ውስጥ ዕቃ እንዴት እንደሚደረድሩ የሚያስተምር መጽሔት ጀመረ። ኦዝ በወጣበት በዚያው ዓመት ስለ ሱቅ መስታወት አደራደር የጻፈው መጽሐፍም ታትሟል።

ይህ ሙያ ተረቱ ውስጥ አለ፣ ከየትኛውም የገንዘብ ፍቺ ይልቅ ጎልቶ። አስማተኛው ለአራቱ እንግዶች በአራት መልክ ይታያል፦ ለዶሮቲ ግዙፍ ራስ፣ ለማስፈራሪያው ቆንጆ ሴት፣ ለእንጨት ቆራጩ አስፈሪ አውሬ፣ ለአንበሳው የእሳት ኳስ። ቶቶ የሚባለው የዶሮቲ ውሻ መከለያውን ከጣለው በኋላ ሽማግሌው ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ያሳያል። ራሱ ከወረቀት የተሠራ ነው፣ ከጣሪያው በሽቦ ተንጠልጥሎ ዓይንና አፉ በክር ይሳባል። ሴትየዋ ቀሚስና ጭምብል ናት። አውሬው ቆዳ ተሰፍቶ በውስጡ እንጨት የገባበት ነው። የእሳት ኳሱ ዘይት የፈሰሰበት ጥጥ ነው። ስጦታዎቹም የዚያው ዓይነት ናቸው፦ ለማስፈራሪያው አእምሮ ብሎ ፉርሽካ ከስፒልና ከመርፌ ጋር ቀላቅሎ ራሱ ውስጥ ይጨምርለታል፤ ለቆርቆሮው ሰው በሰጋቱራ የተሞላ የሐር ልብ ይሰጠዋል።

ከተማዋም እንደዚያው ናት። ጽሑፉ «ሁለመናዋ መረግድ» ይላል። በመጀመሪያው መጽሐፍ ግን በር ጠባቂው ለገባው ሁሉ፣ ለቶቶ ሳይቀር፣ አረንጓዴ መነጽር አድርጎ በቁልፍ ይቆልፍበታል። አስማተኛው በኋላ እንደሚናዘዘው ከተማዋ ከሌላ ከተማ የበለጠ አረንጓዴ አይደለችም። ዕቃውን ሳይለውጥ ብርሃኑን የሚለውጥ ነጋዴ የጻፈው ነገር ነው።

የዋህነቱን በተመለከተ መጽሐፉ ራሱ ይናገራል። ባውም በመግቢያው ላይ ከድሮ ተረቶች ልብ ስብራትና ቅዠትን አስቀርቻለሁ ይላል። ከዚያ የምዕራቧ ጠንቋይ 40 ተኩላ ትልካለች፣ እንጨት ቆራጩ የአርባውንም አንገት በመጥረቢያው ይቆርጣል። 40 ቁራ ትልካለች፣ ማስፈራሪያው አርባውንም አንቆ ይገድላል። እንጨት ቆራጩ ራሱ ቆርቆሮ የሆነው የተደገመበት መጥረቢያ እጅና እግሩን፣ ኋላም ራሱን በየተራ ስለቆረጠው ነው። ልጆች ይህን ይወዱታል፤ ግን «ቅዠት የሌለበት» አይደለም።

ሰውየው ላይ ያለው ከዚህ ይከብዳል። ባውም አበርዲን ሳለ በሚያዘጋጀው ጋዜጣ ላይ፣ የላኮታው መሪ ሲቲንግ ቡል ከተገደለ ከአምስት ቀን በኋላ በታኅሣሥ 20 ቀን 1890፣ ዳግመኛም የአሜሪካ ጦር ላኮታዎችን ከፈጀበት ከዉንድድ ኒ እልቂት በኋላ በጥር 3 ቀን 1891፣ የቀሩት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ጨርሰው እንዲጠፉ የሚጠይቅ ርእሰ አንቀጽ ጽፏል። ምጸት ነው እያሉ ሊያቀልሉት የሞከሩ አሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ላነበበ ሰው ግን ምጸቱን ማየት ይከብዳል። በ2006 ከዘሮቹ የሆኑ ሰዎች ለላኮታ ሕዝብ ይቅርታ ጠይቀዋል። «ለፍጡር ሁሉ የሚራራ» የሚለው ሐረግ ከዚህ ጋር አብሮ አይቆምም።

«የተቀጠለ ጭራ»

ባውም የጻፋቸው የኦዝ መጻሕፍት 14 ናቸው። ለገንዘብ ጻፈ ማለት ግማሽ እውነት ነው። በ1908 ፊልምና ባለ ቀለም ስላይድ ቀላቅሎ በየከተማው ያዞረው ትርኢት ዕዳ ውስጥ ከተተው። በ1910ሩ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ኦዝን ከዓለም ሰውሮ «ከእንግዲህ ወሬ አይመጣም» ብሎ በሩን ዘጋ። በ1911 ኪሳራውን በሕግ አስመዘገበ። በዚያና በሚቀጥለው ዓመት ያወጣቸው ሌሎች ሁለት የተረት መጻሕፍት የኦዝን ያህል አልተሸጡለትም። በ1913 ተመለሰ፤ ሰበቡም የሚያምር ነው፦ ኦዝ ከተሰወረ ወዲህ ገመድ አልባ ቴሌግራፍ ስለመጣ ወሬውን በዚያ አገኘሁ አለ። ከዚያ እስከ 1920 በየዓመቱ አንድ ወጣ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በግንቦት 1919 ካረፈ በኋላ። ከ1921 ጀምሮ ያሉት የሩት ፕላምሊ ቶምፕሰንና የሌሎች ናቸው፤ ጽሑፉ ሁሉንም በአንድ ጆንያ ከቷቸዋል።

ጭራ የሚለውን ግን ሦስተኛው መጽሐፍ ብቻውን ያፈርሰዋል። በ1907 የወጣው ይህ መጽሐፍ ቲክቶክን ይዞ መጣ። ቲክቶክ ክብ የመዳብ ሰው ነው፣ እንደ ግድግዳ ሰዓት በመዘውር የሚሞላ። መሙያው ሦስት ቦታ ነው፦ ለማሰብ በግራ ብብቱ ሥር፣ ለመናገር በቀኝ ብብቱ ሥር፣ ለመራመድና ለመሥራት በጀርባው መካከል። ሦስቱ ለየብቻ ስለሚያልቁ አንዱ ሲቆም ሌላው ይቀጥላል። የሥራ ዋስትናው 1,000 ዓመት ነው። «ሮቦት» የሚለው ቃል ወደ ዓለም የወጣው ከዚህ 13 ዓመት በኋላ ነው።

ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ደግሞ ለአማርኛ ተርጓሚ ልዩ ፈተና አለ። ቲፕ የሚባለው ልጅ መጨረሻ ላይ በሕፃንነቷ በድግምት ወንድ የተደረገች ኦዝማ የምትባል ልዕልት ሆኖ ይገኛል። እንግሊዝኛው ግሱን አይነካም፤ እኛ ዘንድ «መጣ» ወደ «መጣች»፣ «አንተ» ወደ «አንቺ» በአንድ ገጽ ላይ ይገለበጣል። ወዳጆቹ ከለውጡ በኋላ መጀመሪያ የሚያናግሩበት ዓረፍተ ነገር በጥንቃቄ ካልተመረጠ ትልቁ ቅጽበት ሰዋስው የተሳሳተ ይመስላል። በአጋጣሚም፣ በጥንቃቄ ከተሠራ፣ ከእንግሊዝኛው ይልቅ በአማርኛ ይደምቃል።

«ሥዕሎቹ ጌጥ ናቸው»

እዚህ ላይ ጽሑፉ መጽሐፉን ጨርሶ እንዳላየው ያሳብቃል። በ1900 እትም የቅጂ መብት ላይ ሁለት ስም አለ፦ የባውምና የሠዓሊው ዊልያም ዋላስ ዴንስሎው። ከዚያ በፊት በ1899 ባወጡት የልጆች ግጥም መጽሐፍ ላይ የሥዕሉን ወጪ ደራሲውና ሠዓሊው ከኪሳቸው ችለዋል። በኦዝም ላይ ዴንስሎው የተቀጠረ ጌጠኛ ሳይሆን ባለ ድርሻ ነው። የተጣሉትም በዚሁ ነው፤ የ1902ቱ ቲያትር ገቢ ሲከፈል ማን ስንት ይውሰድ በሚለው።

መጽሐፉ 24 ምዕራፎችና 24 ባለ ሙሉ ቀለም ሥዕሎች አሉት። ባለ ሙሉ ቀለሞቹ ለብቻ ታትመው በገጾቹ መካከል በኮላ የተለጠፉ ናቸው። ለዚህ ነው ዛሬ የድሮ ቅጂ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ሥዕል የሚቆጥረው፤ ኮላው ይደርቅና አንድ ሁለቱ ወልቀው ይጠፋሉ። ከዚያ ሌላ ከጽሑፉ ጋር የተዋሐዱ ከመቶ በላይ ሥዕሎች አሉ። እነዚህ ገጾች በማተሚያው ሁለት ጊዜ ያልፋሉ፦ አንዴ ለጥቁሩ፣ አንዴ ለቀለሙ። ቀለሙ ከዶሮቲ ጉዞ ጋር ይቀየራል። ከኦዝ ሕዝቦች የሙንችኪኖች አገር ሰማያዊ፣ የመረግድ ከተማ አረንጓዴ፣ የዊንኪዎች አገር ቢጫ፣ የኳድሊንጎች ቀይ። ባውም በቃል «እዚህ አጥሩም ቤቱም ልብሱም ሰማያዊ ነው» ሲል ገጹ ራሱ ሰማያዊ ነው። አልፎ አልፎ ሥዕሉ ከፊደሎቹ ሥር ይዘረጋል፣ ጥቁሩ ጽሑፍ በቀለሙ ላይ ይሄዳል። ገና ማንበብ የማይችል ልጅ ገጹን ገልጦ «አሁን የት ነን?» ብትሉት ይመልሳል።

የዴንስሎው አሳሳል ለዚህ ማተሚያ የተበጀ ነው። ጥቁር ወፍራም መስመር፣ ጥላ የሌለው ዝርግ ቀለም። ሁለተኛው ቀለም በወረቀቱ ላይ በትክክል ሳይገጥም በትንሹ ሲዛነፍ ወፍራሙ መስመር ይሸፍነዋል። በቀጭን መስመር ቢሆን ኖሮ ሰማያዊው ከሙንችኪኑ ባርኔጣ ወጥቶ ሰማይ ላይ ይፈስ ነበር።

ከሁለተኛው መጽሐፍ እስከ አሥራ አራተኛው የሣለው ጆን ሪአ ኒል ነው፣ የፊላደልፊያ ሰው። ጽሑፉ «ሠዓሊው» እያለ አንድ ሰው አድርጓቸዋል። ለመለየት አይከብድም፦ የዴንስሎው ዶሮቲ ድቡልቡል ሕፃን ናት፣ ጸጉሯ በሁለት የተጎነጎነ፤ የኒል ዶሮቲ ቀጠን ያለች፣ ጸጉሯ አጭርና ወርቃማ። የኒል መስመር ቀጭንና ተጠማዛዥ ነው። በእሱም ዘመን መጽሐፉ እንደ ዕቃ መታሰቡ አልቀረም፤ የ1909ኙ ባለ ሙሉ ቀለም ሥዕል የለውም፣ ፈንታው ወረቀቱ ራሱ ተጓዦቹ አገር ሲለውጡ ቀለም ይለውጣል። የ1910ሩ ሥዕሎች የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ የብረት ቀለም አለባቸው። በ1914ቱ መጽሐፍ የሽፋን ውስጥ ገጾች ላይ የኦዝ ካርታ ወጣ፤ በታሪኩ ምሥራቅ የሚኖሩት ሙንችኪኖች በግራ፣ ምዕራብ የሚኖሩት ዊንኪዎች በቀኝ ተቀምጠዋል፣ አንባቢዎችም እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

«ቢወጡም አይጎድልም» ለሚለው መልሱ ገበያ ላይ አለ። የመጀመሪያው መጽሐፍ የአሜሪካ የቅጂ መብት በ1956 ስላበቃ ያሻው ሁሉ ያትመዋል። ርካሾቹ ሁሉንም በጥቁር ብቻ ያትማሉ፤ ከጽሑፍ ሥር የተዘረጋው ቀለም ግራጫ ጭጋግ ይሆንና ፊደሉን ያደበዝዛል። ሌሎች ሥዕሎቹን አውጥተው በአንድ ቦታ ይደረድራሉ፣ አንበሳው ከመግባቱ በፊት ይታያል። ሽፋኑ ላይ ቀይ ጫማ የሚያደርጉ አሉ፣ ውስጡ የብር እያለ። ቀዩ ጫማ ደግሞ የፊልሙ ፈጠራ ስለሆነ ባለቤት አለው። የኒልን ዶሮቲ ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጽሑፍ ጋር የሚያጣብቁም አይጠፉም።

በአማርኛ ሊያሳትም የሚያስብ ካለ፣ የኢትዮጵያ ሕግ የደራሲን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ስለሚጠብቅ ባውምም (1919)፣ ዴንስሎውም (1915)፣ ኒልም (1943) ነፃ ናቸው። ሙሉ ቀለም የማይቻል ከሆነ ጥቁሩን ለብቻ፣ ሁለተኛውን ቀለም ለብቻ አውጥቶ በየክፍሉ አንድ አንድ ቀለም ማተም ይቻላል፤ የ1900 ሰዎች ያደረጉት ይኸንኑ ነው። ከዚያ ጫማው የብር መሆኑን አንድ ጊዜ፣ ባለ ሙሉ ቀለም ሥዕሎቹ 24 መሆናቸውን ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው።